በአነስተኛ ትራክተር አፈር ማንሣትና ማጓጓዝ፦ ለሐረር ዙሪያ የኩሬ፣ የክትርና የእርከን ሥራ

መግቢያ

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር አነስተኛ ትራክተር ለመግዛት ወይም ለመከራየት ሲያስብ በቅድሚያ የሚታየው እርሻው ነው። ይሁን እንጂ የሐረር ዙሪያ ማሳ ጠባብና ተዳፋት የበዛበት፣ በድንጋይ ካብ የተከፋፈለ በመሆኑ ትራክተሩ በእርሻ ላይ የሚውልበት ጊዜ አጭር ነው። በቀሪዎቹ ወራት ሊሠራ ከሚችለው ሥራ ዋነኛው አፈር ማንሣትና ማጓጓዝ ነው። ኩሬ መቆፈር፣ የተሞላን ኩሬ ከደለል መጥረግ፣ የአፈር ክትር መሥራት፣ የመኖ ግቢና መንገድ ማስተካከል ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ።

ይህ በራሪ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞችና ለማኅበራት የሥራ አመራሮች ነው። ዋና መልእክታችን አንድ ነው፤ አፈሩ ከመነካቱ በፊት ይለካ። መጠኑ፣ የሚሄድበት ርቀትና የቦታው ተዳፋት በወረቀት ላይ ካልሰፈሩ ትራክተሩ የማኅበሩን ገንዘብ፣ የገበሬውን ለም አፈር፣ አንዳንዴም የነጂውን ሕይወት ይበላል።

1. የአፈርና የውኃው ነገር በሐረር ዙሪያ

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ በበልግና በክረምት የሚከፈል ሲሆን በመካከሉ የሚመጣው የደረቅ ጊዜ ማሽላውንና በቆሎውን ይጎዳል። ጫት፣ ድንችና ሽንኩርት የሚያመርተውም ገበሬ በበጋ ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ ኩሬ የአካባቢው ቋሚ ፍላጎት ነው።

የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ለሁላችንም ትምህርት ነው። ሐይቁ ለሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ደለል፣ ለመስኖ የሚሳበው ውኃና የከተማው ፍጆታ ተደማምረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. እስከ መድረቅ አደረሱት። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱ የሚያስደስት ቢሆንም ደለል የሚወርድበት ተዳፋት ካልተያዘ ያው ችግር መደገሙ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረውና በሐረርጌ ሁንዴ ላፍቶ ጣቢያ የነበረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ባካሄደው ጥናት በሀገራችን ከታረሰ መሬት ላይ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ተገምቷል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር በማሳው ላይ እንዳለ 1.2 ቶን ይመዝናል ብንል ይህ 35 ሜትር ኩብ ነው። ሲፈታ ደግሞ 44 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። 0.2 ሜትር ኩብ በሚይዝ የአነስተኛ ትራክተር ባኬት ቢነሣ 220 ጊዜ መዛቅ ይጠይቃል። ጐርፍ በዓመት ከአንድ ሄክታር የሚወስደው ይህን ያህል ነው። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው ለገበሬው በቅድሚያ ማስረዳት ያለበት፣ አፈርን በእርከንና በካብ በቦታው መያዝ ታጥቦ ከሄደ በኋላ በነዳጅ ከመመለስ እጅግ የረከሰ መሆኑን ነው።

2. ትራክተሩ የሚችለውና የማይችለው

በዚህ ጽሑፍ አነስተኛ ትራክተር የምንለው ከ20 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያለውን ባለ አራት ጎማ ትራክተር ነው። ከኋላው ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ስላለው ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ይገጠሙለታል። ለአፈር ሥራ የሚያገለግሉት የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የፊት ሎደር፦ በፊት በኩል የሚገጠም ባኬት ያለው መሣሪያ ነው። የተፈታ አፈር ዘቆ ያነሣል፣ ይሸከማል፣ ይደፋል። ነገር ግን መቆፈሪያ አይደለም። ባኬቱን ወደ ጠንካራ መሬት በኃይል መስደድ ክንዱን ያጣምማል፣ የፊት አክሱሉንም ይጎዳል። ስካቫተር የሚሠራውን ሥራ ከሎደር መጠበቅ አይገባም።

ለ) ማረሻ ወይም ጥርስ ያለው መፈልፈያ፦ ጠንካራውን መሬት ፈትቶ ለሎደሩ የሚያዘጋጅ ነው። ሎደር ካለ ይህ የግድ መኖር አለበት።

ሐ) የኋላ ምላጭ (ብሌድ)፦ አፈር ለመግፋት፣ ለማስተካከል፣ የጐርፍ መቀልበሻ ቦይ ለማውጣትና መንገድ ለመጥረግ ይጠቅማል።

መ) ሣጥን መሰል መጥረጊያ፦ ጎንና ጎኑ የተዘጋ ስለሆነ አፈሩን ሳያፈስስ እየጎተተ ይሄዳል። ከ30 ሜትር ለማይበልጥ ርቀት ጥሩ ነው።

ሠ) ተጎታች፦ አፈሩ ከ50 ሜትር በላይ የሚሄድ ከሆነ ሎደሩ እየሞላ በተጎታች መጫን ይሻላል።

ሎደር የተገጠመለት ትራክተር ከኋላው ሚዛን የሚጠብቅ ክብደት ሳይኖረው መሥራት የለበትም። ባኬቱ ሲሞላ የኋላ ጎማዎች ስለሚቀልሉ ፍሬኑ አይዝም፣ መሪውም ይከብዳል። በኋላ ማያያዣ ላይ አሸዋ ወይም ድንጋይ የተሞላ ሣጥን መስቀል ይበቃል።

3. አፈሩን አስቀድሞ ማስላት

አፈር ሲቆፈር ይፈታና መጠኑ ይጨምራል። ጭማሪው እንደ አፈሩ ዓይነት ቢለያይም ለተራ ሥራ 25 በመቶ ብሎ መያዝ ይቻላል። ይህን የማያውቅ ማኅበር በተጎታች ቍጥር ሲከፍል ላልተቆፈረ አፈር ይከፍላል።

ምሳሌ፦ አፉ 14 በ14 ሜትር፣ ወለሉ 6 በ6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ኩሬ እንውሰድ። የጎኑ ተዳፋት ለ1 ሜትር ጥልቀት 2 ሜትር ነው። መጠኑ 211 ሜትር ኩብ ይሆናል። ትራክተሩ የሚገባበትና የሚወጣበት 2.5 ሜትር ስፋት፣ 14 ሜትር ርዝመት ያለው መውረጃ 25 ሜትር ኩብ ይጨምራል። በጠቅላላው 236 ሜትር ኩብ ነው።

ሲፈታ፦ 236 × 1.25 = 295 ሜትር ኩብ።
ባኬቱ 0.2 ሜትር ኩብ የሚይዝ ከሆነ፦ 295 ÷ 0.2 = 1,475 ምልልስ።
አፈሩ በ20 ሜትር ርቀት ቢደፋና አንዱ ምልልስ 2 ደቂቃ ቢወስድ፦ 2,950 ደቂቃ።
በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ደቂቃ ብቻ በትክክል ይሠራል ብንል፦ 59 ሰዓት።
በሰዓት 3.5 ሊትር ናፍጣ ቢፈጅ፦ 206 ሊትር ያህል።

አሁን ያው አፈር በ20 ሜትር ፈንታ በ60 ሜትር ርቀት ቢደፋስ? ምልልሱ 3 ደቂቃ ይሆናል። ሥራው ወደ 88 ሰዓት፣ ናፍጣው ወደ 310 ሊትር ያድጋል። አንድ ሜትር ኩብ እንኳ ተጨማሪ ሳይቆፈር 100 ሊትር የሚያህል ናፍጣ የጨመረው 40 ሜትር ርቀት ነው። በመሆኑም የአፈሩ መድፊያ ቦታ ከቁፋሮው በፊት በችካል ተለይቶ መታወቅ አለበት።

ሥራው በጉልበት ቢሠራ ደግሞ አንድ ሰው በቀን 1 ሜትር ኩብ ይቆፍራል ቢባል 236 የሰው ቀን ይጠይቃል። 20 ሰዎች በ12 ቀን ይጨርሱታል ማለት ነው። ትራክተሩ በቀን 7 ሰዓት ቢሠራ 9 ቀን ያህል ይፈጃል። ልዩነቱ ብዙዎች እንደሚገምቱት ሰፊ አይደለም። ጥሩ ውጤት የሚገኘው ሁለቱ ሲቀናጁ ነው፤ ትራክተሩ ይፈታል ይሸከማል፣ ሰዎች በዶንጎራና በአካፋ ጎኑን ያስተካክላሉ፣ ድንጋዩን ይለቅማሉ።

ቁጥሮቹ ምሳሌ ስለሆኑ የልማት ሠራተኛው የመጀመሪያዎቹን 10 ምልልሶች በሰዓት ለክቶ የቦታውን ትክክለኛ ቁጥር ማውጣት ይኖርበታል።

4. የሥራው ቅደም ተከተል

ሥራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ተከናውኖ በልግ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ውኃው ከየት እንደሚገባና ትርፉ በየት እንደሚወጣ መወሰን። ማስተንፈሻ የሌለው ኩሬ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይፈርሳል።

ሁለተኛ፣ የላዩን 20 ሴንቲ ሜትር ለም አፈር ለብቻ ማንሣት። በምሳሌያችን ይህ 39 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለብቻው ተከምሮ በመጨረሻ ወደ ማሳ ወይም ወደ እርከን ይመለሳል። የሥር አፈር በለም አፈር ላይ ከተደፋ ግን ያ ማሳ ለብዙ ዓመታት ምርቱ ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የሚታወስ ከሆነ ይህ ቢታወስ እንወዳለን።

ሦስተኛ፣ መሬቱን በማረሻ ወይም በመፈልፈያ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መፍታት፤ ከዚያ በሎደር ማንሣት፤ ቀጥሎ እንደገና መፍታት። በዚህ ዓይነት በንጣፍ በንጣፍ እየተወረደ ይሠራል። ከሥሩ ተቦርቡሮ የተንጠለጠለ የአፈር ግድግዳ መተው ክልክል ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ተንዶ ሰው ይቀብራል።

አራተኛ፣ ጎኖቹን በጉልበት አስተካክሎ መጨረስ፣ በውኃ መግቢያው ላይ ደለል የሚያርፍበት ትንሽ ጉድጓድ መቆፈር። ደለል በየዓመቱ ከትንሹ ጉድጓድ ቢጠረግ ትልቁ ኩሬ ረዥም ዕድሜ ያገኛል።

አምስተኛ፣ ኩሬውን ማጠር። ሕፃናትና እንስሳት የሚሰጥሙት ባልታጠረ ኩሬ ነው።

የትራክተሩ መውረጃ ሥራው ሲያልቅ መደፈን አያስፈልገውም። ድንጋይ ከተነጠፈበት በሚቀጥሉት ዓመታት ለደለል መጥረጊያ መግቢያ ይሆናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. በዘመቻ ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ በደለል ተሞልተው ወይም ውኃ ሳይዙ ቀርተዋል። መጥረጊያ መግቢያ አስቀድሞ ማሰብ ይህን ችግር ያቃልላል።

5. አፈሩ ውኃ የማይዝ ሲሆን

በሐረር ዙሪያ ባለው ተዳፋት ላይ አሸዋማ አፈር በብዛት ይገኛል፤ በሸለቆው ወለል ደግሞ ጥቁር የሸክላ አፈር አለ። ለመለየት እፍኝ አፈር በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ ለአንድ ቀን ይቀመጣል። አሸዋው ከሥር፣ ሸክላው ከላይ ይዘቅጣል። ሸክላው ጥቂት ከሆነ ኩሬው ያሰርጋል።

በዚህ ጊዜ የሸክላ አፈር አምጥቶ ወለሉንና ጎኖቹን 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ማልበስ ይቻላል። የምሳሌው ኩሬ ውስጣዊ ስፋት መውረጃውን ሳይጨምር 215 ካሬ ሜትር ስለሆነ የተጠቀጠቀ 64 ሜትር ኩብ ሸክላ ይፈልጋል። ሲፈታ 87 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። 0.75 ሜትር ኩብ በሚጭን ተጎታች 116 ምልልስ ነው። ሸክላው ከ2 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚመጣ ከሆነ በድርብ መንገድ 464 ኪሎ ሜትር ጉዞ ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የኩሬውን ቦታ ወደ ሸክላው ማዛወር ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ መግዛት ይረክስ እንደሆነ ማኅበሩ ማወዳደር አለበት። ማልበስ ከተወሰነ ጉድጓዱ በዚያው 30 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶና ጠልቆ ይቆፈር፤ አለበለዚያ ሸክላው የውኃውን ቦታ ይይዛል።

6. የአፈር ክትር አሠራር

ከኩሬው የወጣው አፈር ለክትር ሲውል እንዲሁ ተከምሮ መቅረት የለበትም። ክትሩ የሚያርፍበት ቦታ ሣርና ሥሩ ተጠርጎ፣ መካከሉ ቦይ ተቆፍሮ ሸክላ ይሞላበታል። ከዚያ አፈሩ በ15 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እየተዘረጋ በትራክተሩ ጎማ ይጠቀጠቃል። አንዱ ንጣፍ ሳይጠቀጠቅ ሌላው አይደረብም።

የእርጥበቱ ልክ በእጅ ይታወቃል። አፈሩ ተጨብጦ ሲለቀቅ ድቡልቡል ሆኖ ከቆመ፣ ውኃም ካልወጣው ለመጠቅጠቅ ተስማሚ ነው። ከተበተነ ደርቋል፤ ጥቂት ውኃ ይርከፍከፍበት። በእጅ ላይ ከተለጠፈ ረጥቧል፤ ይቆይ። ክትሩ በኋላ ስለሚሰምጥ ቁመቱ ላይ 10 በመቶ ይጨመር።

ይህ መጠቅጠቅ ለክትር መልካም ሲሆን ለማሳ ጉዳት ነው። ስለዚህ ትራክተሩ በማሳ ላይ ሲመላለስ አንድ መንገድ ብቻ ይያዝ፤ በእርጥብ ጥቁር አፈር ላይም ፈጽሞ አይግባ። ለመሻገር ተብሎ የቆየ የድንጋይ ካብ አይፍረስ፤ አንድ ቦታ የተከፈተ ካብ የጐርፍ መንገድ ይሆናል።

7. ተዳፋትና የትራክተር መገልበጥ

ተዳፋትን ለመለካት በሁለት ቋሚዎች መካከል 10 ሜትር ገመድ ተወጥሮ በመካከሉ የውኃ ልክ ይንጠለጠላል። ገመዱ ቀጥ ሲል የሁለቱ ቋሚዎች የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ 1.5 ሜትር ከሆነ 15 በመቶ ነው። ከ15 በመቶ በላይ በሆነ ቦታ ላይ በሎደር አፈር እንዳይጫን እንመክራለን።

የሚከተሉት ደንቦች ያለ ልዩነት ይጠበቁ።

— ሲጓዙ ባኬቱ ከመሬት ጉልበት በማይደርስ ከፍታ ይያዝ። የሚነሣው ሲደፋ ብቻ ነው። ባኬቱ ከፍ ብሎ የሚዞር ትራክተር በጎኑ ይገለበጣል።

— በተዳፋት ላይ ወደ ጎን አይነዳ። የተሞላ ባኬት ሲኖር ከባዱ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን፤ ማለት ወደ ፊት ይወጣል፣ ወደ ኋላ ይወርዳል።

— የሚጎተት ነገር በዝቅተኛው መጎተቻ ላይ ብቻ ይታሰር። በላይኛው ማያያዣ ወይም በአክሱሉ ላይ ከታሰረ የትራክተሩ አፍንጫ ተነሥቶ ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ነጂው ለመዝለል ጊዜ አያገኝም።

— የመገልበጥ መከላከያ ቅስት ብረት የሌለው ትራክተር ለዚህ ሥራ አይከራይ። ብረቱ ካለ የወገብ ቀበቶ ይታሰር።

— ከጉድጓዱ ጠርዝ ቢያንስ የጥልቀቱን ያህል ይራቅ። ጥልቀቱ 2 ሜትር ከሆነ ጎማው ከጠርዙ 2 ሜትር ይራቅ።

— ፍሬን የሌለው ተጎታች ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት አይብለጥ። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ይግባ፤ በመሐል ማርሽ አይለወጥ።

— በጭቃ ጠባቂው ላይም ሆነ በባኬት ውስጥ ሰው አይሳፈር። ሕፃናት ከሥራው ቦታ ይራቁ።

8. በጁገል ግንብና በከተማው አካባቢ

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የጁገል ከተማ መንገዶቿ ለሰውና ለአህያ የተሠሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ናቸው። የቤትና የግቢ ግንቦቿ በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ በመሆናቸው የጎማ ግፊትና ንክኪ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ በውስጥ የሚወጣ አፈርና ፍርስራሽ እንደ ቀድሞው በአህያ እስከ በሩ ይምጣ፤ ትራክተሩ ከበሩ ውጭ ሆኖ ይጫን። ኤረር በር ይሁን ፈላና በር፣ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በየትኛውም ቢሆን ይኸው ሥርዓት ይሠራል።

በግንቡ ሥር አፈር አይከመር። የተከመረ አፈር እርጥበት ይዞ የግንቡን ጭቃ ያበሰብሳል፣ ማታ ጅቦች የሚገቡባቸውን ዝቅተኛ ቀዳዳዎችም ይደፍናል። በግንቡ አቅራቢያ ለሚደረግ ማናቸውም ቁፋሮ የቅርስ ጥበቃ ኃላፊዎች ፈቃድ በቅድሚያ ይጠየቅ። የጥንት ቅሪት ከተገኘ ሥራው ቆሞ ይነገራቸው።

9. ትራክተር ለማያገኙ

አፈር ለማንሣት ሞተር የግድ አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት እርባታ ማዕከል (ኢልካ) እ.ኤ.አ. በ1986 በበሬ ጉልበት ኩሬ ስለ መሥራት መመሪያ አሳትሞ ነበር። መሬቱ በመጀመሪያ በማረሻ ይፈታል፤ ከዚያ በሬዎቹ ሁለት እጀታ ያለው የብረት መዛቂያ እየጎተቱ አፈሩን ያወጣሉ። መሣሪያው በከተማ ብረት ሠሪዎች ሊሠራ የሚችል ሲሆን የበጋ ሥራ ፈት በሬዎችንም ይጠቀማል። በተዳፋትና በጠባብ ማሳ ላይ ይህ ከትራክተሩ ይመረጣል።

10. ማኅበሩ ስለሚዋዋለው ውልና ስለ መዝገብ

ትራክተር ሲከራዩ ክፍያው በሰዓት ወይም በተጎታች ቍጥር ሳይሆን በጉድጓዱ ውስጥ በሚለካው ሜትር ኩብ ቢሆን ይሻላል። በምሳሌያችን የጉድጓዱ ልክ 236፣ የተፈታው 295 ነው። በተፈታው አፈር የሚከፍል ማኅበር የ59 ሜትር ኩብ ዋጋ ያጣል።

ሥራው በማኅበሩ ትራክተር የሚሠራ ከሆነ በየቀኑ የሠራበት ሰዓት፣ የፈጀው ናፍጣ፣ የምልልሱ ቍጥርና የብልሽቱ ዓይነት በመዝገብ ይጻፍ። ሥራው ሲያበቃ የኪራይ፣ የናፍጣ፣ የነጂና የጥገና ወጪ ተደምሮ ለሜትር ኩብ ይካፈል። ውጤቱ ከቀን ሠራተኛ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ለሚቀጥለው ዓመት የሚበጀው መንገድ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት በግልጽ ይታያል።

ማጠቃለያ

አነስተኛ ትራክተር በተፈታ አፈር፣ በአጭር ርቀትና በለዘብተኛ ተዳፋት ላይ ጥሩ አገልጋይ ነው። ከነዚህ ሦስቱ አንዱ ሲጎድል የሰው ወይም የበሬ ጉልበት ይመረጣል። የልማት ሠራተኛው ገመድ፣ የውኃ ልክ፣ ችካልና መዝገብ ይዞ ወደ ቦታው ይሂድ። ሞተሩ የሚነሣው መጠኑ ከተሰላ፣ ለም አፈሩ የሚቀመጥበት ቦታ ከተለየና የመገልበጥ መከላከያው ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሁን።